ማሲንቆው የት ሄደ?

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ እንደማወራ ቃል ገብቼላችሁ ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ወደዚያው ለአባባ ላፕቶፕ ወደጻፍኩት ድራይቨር፣ ማለትም የድምፅ ቺፑን ወደሚያዘው ፕሮግራም ልመለስ ነው። የአባባን ላፕቶፕ ታውቋታላችሁ፤ ክዳኗ በፕላስተር የተያያዘው ያቺው ናት።

የግራና የቀኝ ድምፅ ማመዛዘኛው ተጨምሮላታል፣ በትክክልም ይሠራል። እንቅልፍ የነሳኝም በትክክል መሥራቱ ነው።

እሑድ ከሰዓት አባባ ከሁለቱ ስፒከሮች ፊት ተቀምጦ ያንን የሚወደውን አሮጌ ዘፈን ሲያዳምጥ፣ እኔ ቀኝ ጆሮው መድከሙን አስቤ ድምፁን ሁሉ ወደ ደህናው ጆሮ ልልክለት ሚዛኑን ጥግ ድረስ ወደ ግራ ሳብኩት። ቀኙ ስፒከር ጸጥ አለ። አባባ አንገቱን ቀና አድርጎ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ፣ «ልጄ፣ ማሲንቆው የት ሄደ?» አለኝ።

ዘፈኑ ሲቀዳ ድምፃዊው ወደ ግራ፣ ማሲንቆው ወደ ቀኝ ተደርጎ ነበር። አባባ ያንን ማሲንቆ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ክፍሉን አቋርጦ በሚመጣው ድምፅ፣ በግራ ጆሮው ይሰማው ነበር። የወሰድኩበት እኔ ነኝ። ሚዛን የምንለው ነገር ድምፅን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው አያሻግርም፤ አንዱን ወገን ዝቅ ያደርጋል እንጂ። ይህንን አውቅ ነበር፤ ኮዱን በእጄ ጽፌው እንዴት አላውቅም?

የላፕቶፗ የድምፅ ቺፕ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጣውን የኤሲ 97 ደንብ የሚከተል ነው። የዋናው ድምፅ ሬጅስተር (በቺፑ ውስጥ የድምፁ መጠን በቁጥር የሚጻፍበት ቦታ) 16 ቢት ሆኖ የላይኛው ግማሽ የግራውን፣ የታችኛው ግማሽ የቀኙን መጠን ይይዛል፤ እያንዳንዱ እርከን 1.5 ዲሲቤል ይቀንሳል። በዚያ ሬጅስተር ውስጥ ዜሮ ማለት ዝምታ ሳይሆን ሙሉ ድምፅ ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ድምፁ ይወርዳል። የአንዱን ወገን ድምፅ ወደ ሌላው የሚያሻግር ግን ምንም ነገር የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። ሚዛኑን ኔትቢኤስዲ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ልማድ ከ0 እስከ 64 አድርጌው ነበር፤ መሐሉ 32 ነው። በድራይቨሩ የድምፅ ቁጥር ደግሞ፣ ከቺፑ በተቃራኒ፣ ዜሮ ዝምታ ነው። ድራይቨሩ ሚዛኑን ለብቻው አያስቀምጠውም ነበር፤ በተጠየቀ ቁጥር ከግራና ከቀኝ መጠን መልሶ ያሰላዋል። ሚዛኑ 20 ሆኖ ድምፁ ወደ 3 ቢወርድ የቀኙ ድርሻ 20 በ3 ተባዝቶ ለ32 ሲካፈል 1 ይሆናል፣ ቀሪው ይጣላል። መልሶ ሲያሰላ 10 ይላል። ወደ 1 ሲወርድ 0 ይላል። ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች እኩል ዜሮ ስለሚሆኑ 32 ብሎ ይመልሳል፤ አባባ ማታ ዘግቶ ጠዋት ሲከፍት የተስተካከለለት ሁሉ ጠፍቶ ይጠብቀዋል። እሱን አስተካክያለሁ፤ ሚዛኑ አሁን ለብቻው ይቀመጣል። ቀላል ነበር፤ እንዲያውም እሱን ሳስተካክል ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሌላውን ላለማሰብ ይመስለኛል።

ወደ እሑድ ልመለስ። «ማሲንቆው የት ሄደ?» ሲለኝ ወዲያው ወደ መሐል መለስኩት። እሱ ግን፣ «ተወው፣ እንደዚያም ደህና ነበር፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል» አለኝ። እውነት ጥርት ብሎለት ነበር? ወይስ ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን ነገር እንዳላዝንበት ነው እንዲህ ያለኝ? አባባን ታውቁታላችሁ፤ ለሰው ልብ ሲል ብዙ ነገር ይላል።

መፍትሔው ሁለቱን ወገኖች መቀላቀል ይመስለኛል፤ በሰከንድ 48000 ጊዜ ግራና ቀኙን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ሌሊት ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ሞገዶች ተቃራኒ በሆኑበት ቦታ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፤ በዚያ ዘፈን ውስጥ የትኛው ነገር እንደዚያ እንደተቀዳ ሳላዳምጥ ብጭንለት አሁንም አንድ ነገር እወስድበት ይሆናል። ትናንት ስሄድ ሚዛኑ መሐል ላይ ነበር፤ ወንበሩን ግን ወደ ቀኙ ስፒከር አስጠግቶ፣ ግራ ጆሮውን ወደዚያ አዙሮ ተቀምጦ አገኘሁት። ምንም አላልኩትም። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ምናልባት ከመጫኔ በፊት እጠይቀው ይሆናል፣ ወይም ደግሞ ወንበሩን ብቻ...