ቀይዋ ዶሮና የኮምፖስቱ ክምር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ልቀጥል ቃል ገብቼላችሁ ነበር፤ ሐሳቤ ግን ከጓሮው የኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ክምር አልነሣ አለኝ።

እናንተ «ኢንጂነሯ» የምትሏት ቀይ ዶሮ ማለዳ እንደተለቀቀች ክምሩ ላይ ወጣች። በሁለት እግሯ እያፈራረቀች ጭዱን፣ የቡናውን ገለፈትና የእንሰቱን ቅጠል ወደ ኋላዋ ትበትናለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች፤ ትለቅማለች፤ ደግሞ ትጭራለች። መካከሉ ላይ ስትደርስ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ደንግጣ አፈገፈገች፤ ወዲያው ግን ተመልሳ ትኩሱ ውስጥ መጫር ቀጠለች። ይህን ጊዜ እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ «ዶሮ ጭራ ጭራ፣ ታወጣለች ካራ» አለች። እንቁጣጣሽ እየቀረበ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ መልስ አልሰጠኋትም።

ያ እንፋሎት የክምሩ ጉልበት ነው። የበሽታ ጀርሞች እንዲሞቱ መካከሉ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ደርሶ ለቀናት መቆየት አለበት፤ ዶሮ ደግሞ ክምር ስትጭር ታነጥፈዋለች፤ የተነጠፈ ክምር ሙቀት አይይዝም። ስለዚህ አመሻሽ ላይ በአካፋ መልሶ መከመር የእኔ ድርሻ ነው። እንዲያም ሆኖ ደረቁን ከእርጥቡ የሚያቀላቅሉት፣ አየር የሚያስገቡትና የዝንብ እጭ የሚለቅሙት ዶሮዎቹ ናቸው። ጥሩ ክምር ለአንድ እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋል፤ ጭድ ብቻውን ካርቦኑ ስለሚበዛበት፣ በናይትሮጂን የበለጸገው ኩሳቸው ያመጣጥነዋል። ያው ኩስ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል ሳይብላላ ወደ ሰላጣው መደብ አላስጠጋውም።

የአቮካዶውን ልጣጭና ዘር ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ በውስጣቸው ያለው ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር ለአዕዋፍ መርዝ ነው። በሲዳማ ምድር ከወጥ ቤት ጥራጊ አቮካዶ መለየት የዘወትር ሥራ መሆኑን የሐዋሳ ሰው ይረዳኛል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ክምሩ ከበረደ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የመሬት ትሎች ገብተው ሥራውን ይጨርሳሉ፤ ዶሮዎቹ ካገኟቸው ግን አንድም አያስተርፉም። በሽቦ ማጠር ይኖርብኛል፤ ካጠርኩት ደግሞ ቀይዋ በዓሉ ሲደርስ ያለ ሥራ ትቀመጣለች፤ እንቁላል መጣል ከቀነሰች ቆይታለች። ለእማዬ «ለክምሩ ታስፈልገናለች» ልላት እችላለሁ፤ እውነትም ነው፤ ዳሩ ግን ምክንያቴ ክምሩ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እማዬም ይህን ሳትጠረጥር አትቀርም። ምናልባት አጥሩን ከበዓሉ በኋላ ባደርገው ይሻል ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ሁለተኛ ክምር ብጀምርላት...