ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ነበር

የተከበራችሁ የጭነት ማጓጓዣ ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ስለሚያቀርቡት እኔ አልደግመውም። ከራሴ ገጠመኝ ልጀምር። ገና መሪ በያዝኩበት ዘመን የብረት ጥቅል ጭኜ የመንገድ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ጠቅላላ ክብደቱ ከተፈቀደው በታች ነበር። ደረቴን ነፍቼ ወረቀቴን ስጠብቅ "ወደ ዳር አውጣው" ተባልኩ። ለካ በጎታቹ፣ ማለትም ተሳቢውን በሚጎትተው ባለ ሞተር መኪና፣ የኋላ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት ከልኩ አልፏል፤ አክስል የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬም ጮኽኩ። ሚዛኑ ጤነኛ ነበር፤ ጥቅሉን በሙሉ ወደ ፊት አስጠግቼ ያሳሰርኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ "ስንት ቶን ጫንክ?" ከማለቴ በፊት "የት ላይ አሳረፍከው?" እላለሁ። ሴሚ ትሬለር የምንለው ተሳቢ የፊት አክስል የለውም። ፊቱን ጎታቹ ላይ ጥሎ ኋላውን በራሱ ጎማዎች ይሸከማል። ሁለት ሰው እንደያዘው ቃሬዛ ማለት ነው፤ ሸክሙ ወደ አንዱ ሲጠጋ ለተጠጋበት ሰው ይከብደዋል። ተሳቢው ከጎታቹ ጋር ከሚያያዝበት ፒን እስከ ኋላ አክስሎቹ መካከል 8 ሜትር ቢሆን፣ 24 ቶን ጭነት 1 ሜትር ወደ ፊት ሲገፋ 3 ቶን ከኋላ ተነሥቶ ጎታቹ ላይ ይወጣል። አንዲት ኪሎ ሳትጨመር!

የየአገሩ ሕግ ቢለያይም ይህን፣ የአክስሉን ሸክም ማለቴ ነው፣ አይስተውም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል የሚመላለስ ባለ 5 አክስል ተሽከርካሪ በጠቅላላ 40 ቶን ይፈቀድለታል፤ ነጂው፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞረው አክስል ግን ከ11.5 ቶን ማለፍ የለበትም። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ጠቅላላው 80,000 ፓውንድ፣ ወደ 36.3 ቶን ገደማ ነው፤ ጥንድ አክስሎች 34,000 ፓውንድ ብቻ ይሸከማሉ። ምክንያቱም አስፋልቱ የሚያውቀው አክስሉን እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ የተካሄደው የመንገድ ሙከራ እንዳመለከተው፣ ጉዳቱ የአክስሉን ክብደት በአራተኛ ኃይል ያህል፣ ማለትም ክብደቱ አራት ጊዜ በራሱ እንደተባዛ ሆኖ፣ ተከትሎ ያድጋል። 10 ቶን በሚገባው አክስል ላይ 12 ቶን ስናሳርፍ የመንገዱ ጉዳት በእጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። ጎማችንና ፍሬናችን የሚከፍሉትን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ስፋትን በአጭሩ ልለፈው፤ 2.55 ሜትር የሚፈቅደው የአውሮፓ ሕግ ለማቀዝቀዣ ሳጥን ግድግዳው ስለሚወፍር 2.60 ያደርግለታል። ከፍታ ላይ ግን ልብ በሉ። ከፍ ያለው ዓይነት ኮንቴይነር ብቻውን ቁመቱ 2.90 ሜትር ነው። ከፍታው በ4 ሜትር በተገደበበት መንገድ ለተሳቢው ወለል የሚቀረው 1.10 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ከፍ የሚል ተራ ወለል ያለው ተሳቢ ይዞ መሄድ የሚገጩት ድልድይ መፈለግ ነው።

ስለዚህ የዛሬው የመጀመሪያ አጀንዳችን የታሪፍ ጉዳይ ሳይሆን የጭነት አቀማመጥ ሥልጠና ነው። አንዳንዶቻችሁ እንዳጉረመረማችሁ ሰምቻለሁ፤ ታሪፉ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ጫኞቻችንንም አብረን እንድናሠለጥን ሐሳብ ቀርቧል፤ እኔ እደግፈዋለሁ፣ ውሳኔው የእናንተ ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።