ማን ጠየቃት?

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነው የማወራችሁ። ብርዱ በርትቷል፣ ጋቢ ደርቤ ነው የተቀመጥኩት።

ስለ እህቴ ልንገራችሁ። እትዬ ነው የምላት። የመንዝ ልጆች ነን። በ1977ቱ ድርቅ አባታችን ጎተራው ውስጥ የቀረችውን ገብስ አየና ቆረጠ፦ እሷ ከትምህርት ትቅር፣ አራቱ ወንዶች ይማሩ። አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ አንደኛ ነበር የምትወጣው። ደብተሯ ገና ብዙ ባዶ ገጽ ስለነበረው ለእኔ ተሰጠኝ። እሷ ከበጎቹ ኋላ ሄደች፣ ኩበት ጠፈጠፈች። እኛ ተማርን።

አራታችንም ሰው ሆንን። በየሰርጉ በየክርስትናው ዘመድ ሲሰበሰብ፣ «እሷ ለእናንተ መሥዋዕት ሆነች» ይሉናል። «ጌታስ ቢሆን አንዱ ለብዙዎች አይደል የሞተው?» ብሎ የሚጨምርም አይጠፋም። ለዓመታት አሜን ብዬ ስሰማው ኖርኩ። አሁን ግን አልዋጥ ብሎኛል።

የዮሐንስ ወንጌል 11ኛ ምዕራፍን ክፈቱ። የአይሁድ ሸንጎ በኢየሱስ ነገር ተጨንቋል፤ ሮማውያን መጥተው አገራችንን ይወስዱብናል ብለው ፈርተዋል። ያን ጊዜ ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ ተነሣና፣ ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻለናል አለ። አስተውሉ፣ «እኔ ልሙት» አላለም። ሒሳቡን የሚሠራው እሱ ነው፣ የሚሞተው ሌላ።

ከባዱ ነገር ደግሞ ቀጥሎ ይመጣል። ወንጌላዊው ይህንኑ ቃል ትንቢት ነው ይለዋል። እንግዲህ ያው አንድ ንግግር ከአንድ አፍ ወጥቶ ወንጀልም ትንቢትም ሆነ ማለት ነው። እኔ በዚህ ላይ ብዙ ሌሊት አድሬበታለሁ። አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ ትንቢት መሆኑ ቀያፋን አላጸደቀውም። እግዚአብሔር ከክፋት ውስጥ መልካም ቢያወጣ፣ ክፋቱ ያው ክፋት ነው። ጳውሎስም በሮሜ 3 ላይ፣ መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ የሚሉትን ፍርድ ይገባቸዋል ነው የሚላቸው።

ታዲያ መስቀሉን ከቀያፋ ሒሳብ የሚለየው ምንድን ነው? በቅዳሴ ሐዋርያት ካህኑ «ዘተውህበ በፈቃዱ ለሕማም» ይላሉ፤ በፈቃዱ ለሕማም የተሰጠ። ልጅ ሆኜ ይቺን «በፈቃዱ» የምትል ቃል ልብ አላልኳትም። አሁን ሁሉም ነገር በእሷ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ጌታም ራሱ ስለ ነፍሱ «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ብሏል።

«አብ ልጁን አሳልፎ ሰጠው አይልም እንዴ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ይላል። እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ያስተማሩን የሥላሴ ፈቃድ አንድ ነው ብለው ነው። አብ ሲሰጥ ወልድም ራሱን ሲሰጥ፣ ፈቃዱ ያው አንዱ ነው። ጨካኝ አባትና ያልተጠየቀ ልጅ አድርገን ካሰብነው፣ ቀያፋን ወስደን ዙፋኑ ላይ አስቀመጥነው ማለት ነው።

ደግሞ በጾመ ነነዌ የምንሰማውን ዮናስን አስቡት። ራሱ «አንሥታችሁ ወደ ባሕር ጣሉኝ» አላቸው። ዕጣው የወጣው በእሱ ነው፣ ፈቃደኛም ነው። መርከበኞቹ ግን ወዲያው አልጣሉትም። ወደ ምድር ሊመልሱት አጥብቀው ቀዘፉ። አልሆን ሲላቸው ነው፣ ንጹሕ ደም በእኛ ላይ አታድርግ ብለው እየጮኹ የጣሉት። አሕዛብ ናቸው እኮ! እኛ ቤት ማን ቀዘፈ?

ፍቼ የተወለዱት የሰላሌው አቡነ ጴጥሮስም፣ ጣሊያኖች አርበኞቹን አውግዙ ሲሏቸው እምቢ ብለው በሐምሌ 1928 ጥይቱን በራሳቸው ደረት ተቀበሉ። የሌላ ሰው ነፍስ አላቀረቡም።

አባቴን አልኮንንም። ክፉ ቀን ነበር፤ ያን ሰሞን እንቅልፍ እንዳልነበረው እናቴ ነግራኛለች። የሚያንገበግበኝ «መሥዋዕት» የሚለው ቃል ነው። ያንን ቃል እሷ ላይ ያለበስናት እኛ ነን፣ ድርሻዋን የበላነው። እንዲህ ስንለው ዕዳው ይቀለናል።

ባለፈው ፋሲካ መንዝ ሄጄ ጠየቅኋት። ምጣድ ዳር ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ያኔ ብንጠይቅሽ ኖሮ ምን ትዪን ነበር?»

ዝም አለች። ምጣዱን አሰሰች፤ ሊጡን አዞረች።

«እሺ ነዋ የምለው፤ ወንድሞቼ አይደላችሁ?» አለች። «የጠየቀኝ ግን የለም።»

አክንባሎውን ደፋችና ከእንፋሎቱ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ።

«ደብተሬንስ ጨረስከው?»