በአሮጌ ብሉ ቦክስ ሎኮሞቲቭ ላይ የድምፅ ዲኮደር አገጣጠም

[ምስል፦ ቦዲው የወለቀ ሎኮሞቲቭ፣ ከላይ ሲታይ]

ይህ በሰማያዊ ካርቶን ይሸጥ የነበረው የአትሄርን ኩባንያ ብሉ ቦክስ ሞዴል ባቡር ነው፤ ልኩ ኤችኦ፣ ማለትም የእውነተኛው ባቡር 87ኛ እጅ። ዲኮደር፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሰርኪዩት፣ የሚሰካበት ሶኬት የለውም። ሶኬት ቢኖረው ባለ 8 ወይም ባለ 21 ፒኑን ሰክቶ መጨረስ ነበር፤ እዚህ ግን እያንዳንዱን ሽቦ በሶልደር ማያያዝ አለብን።

በድሮው የዲሲ አሠራር የሐዲዱ ኤሌክትሪክ በመንኮራኩሮቹ አልፎ በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። በዲሲሲ፣ ማለትም ባቡሩ በሐዲዱ በኩል በሚላክ ዲጂታል ትእዛዝ በሚነዳበት አሠራር፣ ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ አለ፤ ለሞተሩ መጥኖ የሚሰጠው ዲኮደሩ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በአንዲት ነጥብ እንኳ ከሐዲዱ ጋር ከተገናኘ ዲኮደሩ ይቃጠላል። ከሥራው ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ሞተሩ የሚስበውን አምፔር ለኩ። 12 ቮልት ዲሲ ስጡት፣ ቴስተሩን በአምፔር ላይ አድርጋችሁ በመስመሩ መሃል አስገቡ፣ ፍላይዊሉን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ጎማ) ለአፍታ በጣት ያዙት። ብዙ የኤችኦ ዲኮደር የሚችለው 1 አምፔር ያህል ነው፤ ንባቡ ከዚያ ካለፈ ከፍ ያለ ዲኮደር ግዙ።

[ምስል፦ የሞተሩ ታችኛ ክሊፕ፣ በቅርበት]

አሁን ሞተሩን አውጡና ገልብጡት። ከሥሩ ያለው የመዳብ ክሊፕ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት፤ ሻንሲውን (የሎኮሞቲቩን የብረት ወለል) የሚነኩት እነሱ ናቸው። ሻንሲው ደግሞ የአንደኛውን ሐዲድ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። ክሊፑን ስታወጡ ስፕሪንጉ ተፈናጥሮ ካርቦኑ (ኤሌክትሪክ ወደሚሽከረከረው የሞተር ክፍል የሚያስገባው) ይጠፋልና ሥራውን ጠርዝ ባለው ትሪ ውስጥ ሥሩ። ጥርሶቹን በፒንሳ ቆርጣችሁ በሞረድ አስተካክሉ። በኋላ ከዲኮደሩ ጋር የሚገናኘውን ግራጫ ሽቦ ክሊፑ እንደወጣ ሶልደር አድርጉት፤ ሞተሩ ላይ እያለ ብትሞክሩ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ብርቱካናማው ወደ ላይኛው ክሊፕ ይሄዳል። ከሞተሩ ሥር ሻንሲው ላይ ናስትሮ ለጥፉ፣ ሞተሩን መልሱ።

ዲኮደሩን ሳታገናኙ ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጥበት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ ግራጫው ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ፣ ቀጥሎም በየመንኮራኩሩ ላይ አስነኩ። በብርቱካናማውም ድገሙት። አንድ ጊዜ እንኳ ከጮኸ ወደፊት አትሂዱ።

ቀዩ ሽቦ ለቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁሩ ለግራ ነው። እነዚህ ቢለዋወጡ በዲሲሲ ጉዳት የለውም። ብርቱካናማውና ግራጫው ከተለዋወጡ ግን ባቡሩ ወደኋላ ይሄዳል። አንዳንዱ ይህን በሲቪ 29 ያስተካክለዋል (ሲቪ ማለት ዲኮደሩ ውስጥ የሚቀመጥ የማስተካከያ ቁጥር ነው)፤ ያኔ መብራቶቹም አብረው ይገለበጣሉና ሽቦዎቹን ማለዋወጡ ይሻላል።

የድሮው አምፖል ኤሌክትሪክ በሻንሲው ስለሚመለስ አምፖሉን አውጡት። በምትኩ የኤልኢዲው ፖዘቲቭ ከሰማያዊው፣ ኔጋቲቩ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከነጩ ጋር ይገናኝ። የኋላው መብራት ከነጩ ይልቅ ቢጫውን ይይዛል። መጋጠሚያው ሁሉ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይልበስ።

[ምስል፦ ስፒከር ያለ ሳጥን፣ ከዚያ በሳጥን]

ስፒከሩን እንዲሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ብታስጮሁት የትንኝ ድምፅ ነው የሚሰጣችሁ፤ ከፊቱና ከጀርባው የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋልና። ጀርባውን በትንሽ ሳጥን ዝጉት፣ ስንጥቁን ሁሉ በሙጫ ድፈኑ፤ ያኔ የሞተሩ ጉርምርምታ ይሰማል። ስፒከሩ ዲኮደሩ ከሚፈቅደው ኦም በታች መሆን የለበትም፤ ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን (በፓራለል) ከተያያዙ 4 ኦም ይሆናሉ። ማግኔቱ የብረት ብናኝ ስለሚስብ ሞረዱን አርቁት።

ቦዲውን ሳትገጥሙ ፕሮግራሚንግ ሐዲድ (የዲኮደሩ ማስተካከያ የሚነበብበትና የሚጻፍበት ለብቻው ያለ ሐዲድ) ላይ አስቀምጡት። እዚያ የሚሰጠው አምፔር ትንሽ ስለሆነ የተረፈ ሾርት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። ሲቪ 1ን (የባቡሩን አድራሻ ቁጥር) አንብቡ፤ አዲስ ዲኮደር 3 ይላል። ካላነበበ የሞተሩን ሽቦዎች ፈትሹ፤ ዲኮደሩ ለጥያቄው የሚመልሰው ሞተሩን ለቅጽበት በማንቀሳቀስ ነውና።