ኮከቡ የታለ?

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ስለ አዲሱ ሥራ አውሪን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ይደርሳል። ዛሬ ግን ያ ፎቶ አለቀቀኝም። ኤል 1527 የሚባለው፣ ገና በመወለድ ላይ ያለ ኮከብ፣ ጄምስ ዌብ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳው፣ ኅዳር 2015 ላይ የወጣው ፎቶ። ስልኬ ላይ ለጥፌው ስንት ጊዜ አውርቼላችኋለሁ።

ሚጡን ታውቋታላችሁ። ስልኬን ነጠቀችኝና አየችው። የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ነገር ነው፣ ከላይና ከታች ሰፊ፣ ወገቡ ላይ ቀጭን፣ አቧራው ሳሳ ያለበት ሰማያዊ፣ የወፈረበት ብርቱካናማ። «አክስቴ፣ ኮከቡ የታለ?» አለችኝ። መሃሉን አሳየኋት። በሁለት ጣቷ አሳደገችው፣ አሁንም አሳደገችው፣ ወገቡ ላይ ያለችው ጥቁር መስመር ስክሪኑን እስክትሞላው ድረስ። ከዚያ ቀና ብላ «እዚህ ጋ እኮ ምንም የለም» አለች። በቃ፣ ስልኩን መለሰችልኝና ሄደች።

ምንም የለም ያለችበት ቦታ ነው እኮ ያለው! ጥቁሯ መስመር በጎን በኩል የምናየው እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ የአቧራና የጋዝ ዲስክ ናት፣ ስፋቷ የእኛን ሥርዓተ ፀሐይ የሚያህል። ጨቅላው ኮከብ ውስጧ ነው። የምናየው ቀለም ሁሉ ከላይና ከታች ሾልኮ የወጣ ብርሃኑ ነው። ያውም በኢንፍራሬድ፣ ዓይናችን በማያየው ብርሃን፣ የተነሳ ነው፤ በዓይናችን ብናይ ጨለማ ነው።

መጀመሪያ ቀዝቃዛ ደመና አለ፣ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ። የራሱ ስበት ያሸንፈውና ወደ ውስጥ ይወድቃል። መሃል ላይ የተጠራቀመው ይሞቃል፣ ዙሪያው ይጠቀልለዋል። ኤል 1527 ዕድሜው 100,000 ዓመት ገደማ ነው፣ ክብደቱ ገና የፀሐይን ግማሽ አልደረሰም፣ ሃይድሮጂን ማቃጠልም አልጀመረም። የሚበላው ያንኑ የሸፈነውን ነው። የሚሸፍነውና የሚያሳድገው አንድ ነገር ነው።

ደግሞ ዝም ብሎ አይበላም። ከሁለቱ ዋልታዎቹ ጋዝ እየተፋ መጠቅለያውን ይቦረቡረዋል፣ የአሸዋው ሰዓት ቅርጽ የመጣው ከዚያ ነው። ከመጠቅለያው ገሚሱ ወደ እሱ ይወድቃል፣ ገሚሱን ራሱ ይገፋዋል። እያለ እያለ መጠቅለያው ያልቃል፣ ያኔ ለዓይን ይገለጣል። ግን በደንብ ስናየው ማደጉን ጨርሷል ማለት ነው፣ ወይ ሊጨርስ ነው። የሚከብደኝ ይሄ ነው። ዋናው ነገር የሚሆነው እዚህ ጋ ምንም የለም በምንልበት ጊዜ ነው። ለምን እንደሚከብደኝ… እንጃ። ደስም ይለኛል እኮ፣ አንዳንዴ።

ቆይ፣ ኤፍዩ ኦሪዮኒስ ስለሚባለው ኮከብ ነግሬያችኋለሁ? ይሄ እንኳን ከመጠቅለያው ወጣ ያለ፣ ከፍ ያለ ወጣት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1936 እና 37፣ በወራት ውስጥ ከ100 እጥፍ በላይ ደመቀ። አያቴ ብትሆን ጣሊያን የገባ ጊዜ ትለው ነበር፣ ለእሷ ዘመን ሁሉ የሚቆጠረው ከዚያ ነበር፣ ሠርጓም፣ የበሬዎቹም ዕድሜ… ምን ልል ነበር? አዎ፣ ከዲስኩ ብዙ ጋዝ ባንዴ ወርዶበት ነው። አመጋገባቸው እኩል አይደለም፣ ረጅም ጊዜ ቀስ፣ ከዚያ ድንገት ብዙ ባንዴ።

ታዲያ ልደቱ መቼ ነው? ደመናው መውደቅ ሲጀምር? መሃሉ ሲሞቅ? መጠቅለያው ሲገፈፍ? የፀሐይን የሚያህል ኮከብ በሃይድሮጂን ብቻ ራሱን ችሎ እስኪቆም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይፈጅበታል። እኔ ሲሞቅ ነው እላለሁ። ግን ያኔ ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ምናልባት… አይ፣ ይሄንን ገና አልጨረስኩትም። ኤፍዩ ኦሪዮኒስም እስከ ዛሬ ወደ ድሮው አልተመለሰም፣ ይኸው ወደ ዘጠና ዓመት ሊሆነው ነው፣ ለእነሱ ደግሞ ዘጠና ዓመት ማለት…