ሦስት ቃል

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አዎ ጠፍቻለሁ፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ቴሌግራም ላይ የጻፋችሁትን ስድብ በሙሉ አንብቤዋለሁ፣ ደርሶኛል። አሁንም ቁምሳጥን ውስጥ ነኝ፣ በባሌ፣ በክቡርነታቸው፣ ካፖርቶች መሀል፣ ድምፁ ጥሩ ከሆነ ምስጋናው ለካፖርቶቹ ነው።

ዛሬ ስለ ቢ ዋን፣ ስለ ጀርመንኛ ፈተናው ላወራችሁ ቃል ገብቼ ነበር፣ ግን ሐሙስ ዕለት ሐኪም ጋ ሄድኩ... ብቻዬን። ብቻዬን ሰዎች! እልል በሉ እንጂ። እዚህ ጀርመን ከመጣሁ ያለ ክቡርነታቸው ሐኪም ፊት ስቀርብ የመጀመሪያዬ ነው። መደሰት ነበረብኝ፣ ተደስቻለሁም፣ ግን ከዛ ወዲህ የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ አለ። የሐሙሱን ከመናገሬ በፊት የካቲት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ያኔ ለምን እንዳልነገርኳችሁ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ። ተናድጄ ነበር።

የካቲት፣ ያ ብርድ፣ ሁለታችንም ተራ እየጠበቅን ነው። አንዷ ብቅ ብላ "ፍራው ቮልደ... ቮልደ..." ትላለች። ዝም። ደግማ "ፍራው ቮልደ..." እኔ በልቤ ወይኔ ይቺ ሴትዮ የት ሄዳ ነው ተራዋ ሊያልፍባት ነው እላለሁ። ለካ እኔ ነኝ! ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአያቴ ስም ነዋ፣ እኔ ሳልወለድ የሞተ፣ አይቼው የማላውቀው ሰውዬ፣ እዚህ ሀገር መጠሪያዬ እሱ ነው። የፖስታ ሳጥኑም ላይ፣ ስም ካልተለጠፈ ደብዳቤ አይገባም መቼም፣ የሱ አያትና የኔ አያት ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ፍራንክፈርት ላይ ቤት ተጋርተው የተከራዩ ነው የሚመስለው። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ መዋጮ በወር 18.36 ዩሮ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ የሚመጣውም ለነሱ ነው፣ ቴሌቪዥን የለንም፣ እንዳትጠይቁኝ።

ምን ልል ነበር... አዎ፣ ገባን። ሐኪሟ እኔን እያየች ጠየቀች፣ እሱ ተረጎመ፣ "እንቅልፍስ?" እና እኔ አወራሁ። ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ነው ያወራሁት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ አልኩ፣ በነሱ ሦስት መሆኑ ነው፣ እና ያኔ ብርዱ ላይ እዚህ ዘጠኝ ማለት አዲስ አበባ አስራ አንድ ነው፣ እማዬ ለኪዳን ጎፋ ገብርኤል ለመሄድ የምትነሳበት። መጀመሪያ ነጠላ ጫማዋ ይሰማል፣ ከዛ መቀርቀሪያው፣ ከዛ የግቢው በር፣ ያንን በር ማንም ፍጡር ቀስ ብሎ መዝጋት አይችልም፣ ቆርቆሮው ይጮሃል። ልጅ ሆኜ በሩ ሲጮህ ነቃ እልና ወዲያው መልሶ ይወስደኛል። አሁን ደግሞ እነቃና በሩን እጠብቃለሁ። አይጮህም። አልተኛም። በቃ እንዲህ ብዬ ነገርኳት፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ የበሩን ድምፅ ሳይቀር አሰማኋት።

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ዚ ሽሌፍት ሽሌኽት።"

በቃ። ጨረሰ።

ያስነጠሰው መስሎኝ ነበር እኮ። ሦስት ቃል፣ እንቅልፍ የላትም እንደማለት ነው። የሚያናድደው ገብቶኛል! ስድስት ኪሎ ጎተ፣ ጀርመንኛ የሚያስተምሩበት፣ ለመጀመሪያው ደረጃ ለኤ ዋን ስማር የሸመደድኩት ነው። ሐኪሟ ራሷን ነቅንቃ ጻፈች፣ ከዛ ስንት ጊዜ ሆናት ብላ ጠየቀች፣ እሱን። አሁን እኔን አታየኝም።

ያቺን ደቂቃ ስንቴ መላልሼ እንዳየኋት። አንዳንዴ ሳያት ሰልችቶት ነው። አንዳንዴ አፍሮብኝ ነው፣ ሚስቴ ስለ ቆርቆሮ በር ነው የምታወራው ብሎ እንዴት ይበላት። አንዳንዴ ደግሞ... ሰውዬው መጋዘን ነው የሚሠራው፣ ጀርመንኛው የካርቶንና የፈረቃ ጀርመንኛ ነው፣ መቀርቀሪያን ከየት ያምጣው? ፊቱን ባየው ኖሮ አውቀው ነበር። እሱ ሲናገር እኔ ሐኪሟን ነበር የማየው።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ትንፍሽ አላልኩም። እሱ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ከወንበር ስር ጠርሙስ አወጣ። የጠርሙስ ባንካችንን ታውቁታላችሁ፣ በረንዳው መቆሚያ የለውም አሁን፣ እዚህ ባዶ ጠርሙስ ለሱቅ ሲመለስ በደረሰኝ ገንዘብ ይከፈልበታል፣ የፕላስቲኩ 25 ሳንቲም፣ የቢራው 8 ሳንቲም፣ ለአዲስ አበባ ትኬት ነው ይላል፣ ስንት ሺህ ጠርሙስ እንደሚፈጅ አስልታ የላከችልን አድማጭ እግዜር ይስጥሽ፣ እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። እና ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ "ሃያ አምስት!" አለኝ፣ እንድስቅ። አልሳቅኩም። ያ ደግሞ... ቆይ እሱን እንተወው።

ሐሙስ። "ፍራው ቮል" ስትል ገና ሳትጨርሰው ብድግ። ያቺው ሐኪም ናት። እኔ ደግሞ 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ስለ ሕጋቸውና ስለ ታሪካቸው ጨርሻለሁ፣ ቀላል ሰው አይደለሁም። ጠየቀችኝ፣ እኔን እያየች። እና እኮ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት! በሩን ሁሉ ከነጾታው አጥንቼ፣ የቤት በር ሴት ናት፣ የግቢ በር ግን ወንድም ሴትም አይደለም እዚህ፣ ዳስ ነው የሚባለው። እማዬን፣ ጫማውን፣ ሁሉን በወረቀት ጽፌ። አፌን ከፈትኩ።

"ኢኽ ሽላፈ ሽሌኽት።"

ያው ሦስት ቃል፣ እንቅልፍ የለኝም። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም ትራም ማቆሚያው ላይ ብቻዬን ስስቅ ነበር፣ አንዲት አሮጊት ቦታ ቀየሩ። ከዛ... አልሳቅኩም።

ታዲያ ይቅርታ ልጠይቀው? ስለምኑ? መናደዴን አያውቅ። ይሄንንም አይሰማም፣ "ቤት በነፃ የምሰማውን ድምፅ ምን ብዬ ኢንተርኔት ልክፈልበት" ነው የሚለው። ደግሞ አንድ አይደለም። እኔ የራሴን ነው ያሳጠርኩት፣ እሱ የኔን ነው ያሳጠረው፣ ልዩነት አለው። አለው አይደል? እንጃ። ግን ቢያንስ ከዛ ወጥተን መንገድ ላይ፣ ያልሽውን ሰምቼዋለሁ ቢለኝ ኖሮ... ሰምቶት ይሆን? አማርኛውን ማለቴ ነው።

በነገራችን ላይ መጋቢት ላይ እዚህ ሰዓቱ ሲቀየር፣ አንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፉት፣ እኔም አሥር ሰዓት መንቃት ጀመርኩ። ሰዓቱን የቀየሩት እነሱ ናቸው፣ እማዬ አልቀየረችም፣ ያው አስራ አንድ ላይ ነው የምትነሳው። ይሄንን ለማንም አልተናገርኩም፣ ሐኪሟም እንደ እብድ ነው የምታየኝ። ትናንት ነቅቼ ዞር ስል እሱም ዓይኑን አፍጥጦ ኮርኒስ ያያል። "ተኚ" አለኝ። አንድ ቃል፣ እየቀነስን ነው እንግዲህ። እሱ ምን ሆኖ እንደነቃ አልጠየቅኩትም፣ ፈረቃው ይሆናል፣ ወይ ደግሞ...

ቆይ፣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው ምንድነው። የጠርሙስ ደረሰኝ ነው። 4 ዩሮ ከ25። ገንዘቡን አልተቀበለበትም እንዴ፣ ያ ሁሉ ሲለቅም... ሌላም አለ። ይሄኛው 2 ከ50። ኧረ ሰውዬ። ቀኑ... ቀለሙ ለቋል፣ አይነበብም እዚህ ጨለማ ውስጥ፣ ቆይ በሩን ትንሽ ልክፈተው