ገንዳውን ያጠራው ደኑ ነው

የተከበራችሁ ተጓዦች፣ አስጎብኚዎችና የተፈጥሮ ወዳጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት በሐሩር ክልል ጥብቅ ደኖች ውስጥ ስለሚገኙ የተፈጥሮ መዋኛ ገንዳዎች ነው። ፎቷቸውን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከፏፏቴ ሥር የተንጣለለ አረንጓዴ ውሃ፣ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ደን። ስለ ውበቱ እኔ የምጨምረው የለም። የመጣሁት ያ ውሃ እንዴት ኩልል ብሎ እንደሚቆይ ልነግራችሁ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ወደ ገንዳው የሚገባው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ ነውና።

በእነዚህ ደኖች በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ መጣሉ የተለመደ ነው። ያ ሁሉ ዝናብ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ቢወርድ አፈሩን ጠራርጎ ገንዳውን ጭቃ ያደርገው ነበር። ጠብታው ግን መጀመሪያ የሚያርፈው ዛፎቹ አናት ላይ ነው። ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲንጠባጠብ ጉልበቱ ይበርዳል፤ መሬት ሲደርስ የረገፈ ቅጠል ይቀበለዋል፤ ከዚያ ሥሮች ሰርስረው ባለሰለሱት አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ዝናቡ ካባራ ከሰነበተ በኋላም ጅረቱ ሳይቋረጥ የሚፈሰው ከዚህ ስንቅ ነው።

ይህ ዛሬ የተደረሰበት ነገር አይደለም። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በቶቤጎ ደሴት ያለው የሜይን ሪጅ ጥብቅ ደን በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1776 ነው። ደሴቲቱ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ጫካዋም ለሸንኮራ አገዳ ይመነጠር ነበር። ሶም ጄኒንስ የተባለ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል፣ የተፈጥሮ ተመራማሪውን የስቲቨን ሄልስን ሐሳብ ይዞ፣ ዛፉ ካለቀ ዝናቡም ይቀራል እያለ ለዓመታት ተሟገተ። በመጨረሻም ደኑ ዝናብ እንዲስብ ተብሎ ተከለለ። ወሳኞቹን ያነሳሳቸው የሸንኮራ እርሻው ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያንን ውሳኔ ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ገንዳዎቹ ሁሉ አሠራራቸው አንድ አይደለም። አንዳንዱን የቆፈረው ፏፏቴው ራሱ ነው፤ የሚወድቀው ውሃ ጠጠርና ድንጋይ እያሽከረከረ ሥሩን ሲፍቅ ይኖራል። ሌላው ደግሞ ጠርዙ ተገንብቶ የተሠራ ነው። በጓቲማላ ሴሙክ ቻምፔይ በሚባለው ስፍራ የካሃቦን ወንዝ 300 ሜትር ገደማ በሚረዝም የኖራ ድንጋይ ድልድይ ሥር ገብቶ ያልፋል፤ ገንዳዎቹ የተደረደሩት ከድልድዩ አናት ላይ ነው። እንዲህ ያሉትን ገንዳዎች የሚገነባቸው ውሃው ነው። ዝናቡ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ከሥሮችና ከሚበሰብስ ቅጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ በዚያም ኃይል የኖራ ድንጋዩን ያሟሟል። አየር ሲያገኝ ጋዙን ይለቅና የተሸከመውን ኖራ ያራግፋል። ጠርዙ በስሱ፣ በስሱ እየተደረበ ያድጋል። እሱ ላይ ቆሞ ለፎቶ መዝለል ብዙ ዘመን የፈጀ ሥራን በአንድ ርግጫ ማፍረስ ነው።

አሁን ወደ እንቁራሪቶቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ደኖች ውስጥ ከፈጣን ውሃ አጠገብ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋዮቹን ብትመለከቱ፣ ጎርፉ የማያነቃንቀው ጥቁር ነጥብ ልታዩ ትችላላችሁ። እግር ያላበቀለ የእንቁራሪት ልጅ ነው። በአፉ ድንጋዩን መጦ ይዞ፣ ጭራውን እያወዛወዘ፣ ላዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ይግጣል። አድጎ እንቁራሪት ሲሆን ውሃ የሚወስደው በቆዳው ነው፤ በቆዳውም ይተነፍሳል። እኛ የተቀባነው የፀሐይ መከላከያ ክሬምና የትንኝ መድኃኒት ውሃው ውስጥ ሲሟሟ የሚያገኘው ይህንን ቆዳ ነው። ስለዚህ እጅጌው ረዘም ያለ የዋና ልብስ ልበሱ፤ ጥላው ራሱ ከፀሐይ ይከልላችኋል።

ከክሬሙ የከፋው ግን በጫማችን ላይ የሚጓዘው ነው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ እንቁራሪቶችን እየጨረሰ መሆኑን ይፋ አደረጉ። ቆዳቸውን ይወርራል፤ የሰውነታቸው ጨው ይዛባና ልባቸው ይቆማል። በኩዊንስላንድ ኤንጌላ ደን እንቁላሏን ውጣ በሆዷ የምታሳድግ፣ ልጆቿንም በአፏ የምትወልድ እንቁራሪት ነበረች። የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ከ1985 ወዲህ ግን በደኑ ውስጥ ያያት የለም። ዋናው ተጠርጣሪ ይኸው ፈንገስ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት ዳግም አይገኝም፤ ይህን ስናገር ሁልጊዜ ያመኛል። ፈንገሱ በእርጥብ ጭቃና በውሃ ይዛመታል፤ ድርቀትን ግን አይችልም። ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ስትሄዱ ጫማችሁን ቦርሹት፣ በደንብም አድርቁት።

ስለ ራሳችሁ ደኅንነትም ልናገር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ባቢንዳ የምትባል የኩዊንስላንድ ከተማ በዓመት ከ4000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ባለው ጅረት ላይ፣ ከተወለወሉት ቋጥኞች መሃል፣ ብዙ ወጣቶች ሰምጠው ሞተዋል። የተከለከለበት ቦታ ያለ ምክንያት አልተከለከለም። እናንተ ፀሐይ እየሞቃችሁ ተራራው ላይ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ጥርት ያለው ውሃ ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት መምጣት ከጀመረ፣ የፏፏቴው ድምፅ ከወፈረ፣ ደራሽ ውሃ እየመጣ ነው። ዕቃችሁን ትታችሁ ወደ ከፍታ ውጡ፤ ለመሻገርም አትሞክሩ። ቁስል ካላችሁ ደግሞ፣ በተለይ ከከባድ ዝናብ ማግስት፣ አትግቡ። እ.ኤ.አ. በ2000 በቦርኒዮ ደሴት ሳባህ ውስጥ በተካሄደ ውድድር ወንዝ ውስጥ የዋኙ ብዙ ስፖርተኞች ሌፕቶስፓይሮሲስ በሚባል፣ በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውሃ በሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ታመዋል።

አስጎብኚዎች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። እንግዶቻችሁን በቀጥታ ወደ ገንዳው አትውሰዱ። መጀመሪያ ከላይ በኩል ጅረቱን አሳዩአቸው፤ አፈሩን በእጃቸው ይንኩት። የጎብኚው ቁጥር ሞልቷል ወይም ገንዳው ለእረፍት ተዘግቷል ሲባል ጥበቃውን አትለማመጡ። በጉዞ ፕሮግራማችሁም ውስጥ ጫማ ማድረቂያ ጊዜ አስገቡ፤ ከምሳ ሰዓት ቢቀነስም እንኳ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።